ጳጉሜን 6 የተፈረመ አቴንዳንስ

አርባ አንድ ሠራተኛ ጳጉሜን 6 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ገብቷል። 2፡00 ገባ፣ 11፡00 ወጣ፣ ፈረመ። አቴንዳንሱ ንጹሕ ነው፤ ሥርዝ ድልዝ የለበትም፣ ሻይ አልፈሰሰበትም፣ ጠርዙ አልታጠፈም። ወረቀቱን ይዤ ፈገግ ስል የሰው ሀብት ኃላፊውም አብሮኝ ፈገግ አለ። አያያዙን ያደነቅኩለት መስሎት ነው።

2008 ላይ ጳጉሜን አምስት ቀን ነበረች። ስድስት የሆነችው በ2007 ነው። ሰውየው የአምናውን ቅጽ ኮፒ አድርጎ ዓመቱን ብቻ ቀየረና አርባ አንዱንም በአንድ ከሰዓት ተራ በተራ አስፈረማቸው። አርባ አንድ ሰው በሌለ ቀን ስምንት ሰዓት ሠርቶ ወደ ቤቱ ገባ። ይህን ታሪክ ለአዲስ ባልደረቦች ደጋግሜ ስለማወራው ቢሮ ውስጥ «ወይዘሮ ጳጉሜን» የሚል ስም ወጥቶልኛል።

መታወቂያዬ ላይ «የሥራ ሁኔታ ተቆጣጣሪ» ይላል። ፋብሪካዎች «ኢንስፔክተሯ» ይሉኛል፤ ዘበኞች «ከመንግሥት የመጣችው»። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ለጎረቤት ስታስረዳ «ሰው በደንብ መያዙን ነው የምታየው» ትል ነበር። ከሁሉም የእናቴ ይሻላል። ከኮሜርስ በዲፕሎማ ወጥቼ 1994 ላይ ስቀጠር በእጄ የሰጡኝ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 42/1985 ነበር፤ ጠርዙ የተበላ ፎቶ ኮፒ። እሱን ገና ሳልጨርሰው 377/1996 መጣና ያጠናሽውን እርሺው ተባልኩ። 2011 ላይ ደግሞ 1156። ዲግሪዬን የጨረስኩት በማታ ነው፣ ሁለተኛ ልጄን በጀርባዬ አዝዬ። መሥሪያ ቤቱም ሠራተኛና ማኅበራዊ ጉዳይ መባሉ ቀርቶ ከ2014 ወዲህ ሥራና ክህሎት ሆኗል። ማኅተሙ ሲቀየር የእኔ ወንበር አልተቀየረም፤ አንድ እግሩ እስከ ዛሬ ይወዛወዛል።

አዋጅ በቃሉ የሚወጣ ሰው ሞልቷል። ፋብሪካ ስገባ የሚቀበሉኝ የሰው ሀብት ኃላፊዎች ብዙዎቹ ከእኔ እኩል ያውቁታል፤ አንዳንዶቹ የሚያውቁት ጠርዙ ላይ ለመሄድ ነው። በ377 ጊዜ የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነበር። ስለዚህ 44 የምትባል የራሷ ኑሮ ያላት ቁጥር ነበረች። ልጆቹ በ44ኛው ቀን ይሰናበታሉ፤ ቅዳሜና እሑድን አርፈው ሰኞ እንደ አዲስ ሰው ይቀጠራሉ። አንዲት የማሸጊያ ክፍል ሠራተኛ አምስት ጊዜ እንደተሞከረች ከማኅደሯ አንብቤያለሁ። ሳጥን ማሸግ መቻሏን ለማወቅ አምስት ጊዜ! አዋጁ ያንኑ ሰው ለዚያው ሥራ መልሶ የቀጠረ አሠሪ ዳግም ሙከራ ሊለው አይችልም ይላል፤ ግን ማኅደሩን ጎን ለጎን አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ካልመጣ ማን ያየዋል? 1156 የሙከራውን ጊዜ ወደ 60 የሥራ ቀን ሲያሳድገው አንድ ኃላፊ «እንኳን ደስ አለን፣ ሰፋ አለልን» አለኝ። ወዲያው 59 ላይ ምልክት እንዳደረገ ገባኝ።

ሌላው የማዕረግ ነገር ነው። የሥራ መሪ በአዋጁ አይሸፈንም፤ የትርፍ ሰዓት ክፍያ አይጠይቅም። አንድ መጋዘን ውስጥ «የስቶር ማናጀር»፣ «የሎዲንግ ማናጀር» እና «የጽዳት ማናጀር» አግኝቻለሁ። የጽዳት ማናጀሯ በሥራቸው ማን እንዳለ ስጠይቃቸው መጥረጊያውን አሳዩኝ።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ፔሮል።

የወር ደመወዝተኛ የትርፍ ሰዓት ሲሠራ መጀመሪያ የአንድ ሰዓት ደመወዙ መታወቅ አለበት። መደበኛው የሥራ ጊዜ በሳምንት 48 ሰዓት ነው። 48ን በ52 ሳምንት አባዝተን ለ12 ወር ስናካፍል 208 ይመጣል። ስለዚህ 4,160 ብር የሚያገኝ ሰው በሰዓት 20 ብር ነው ማለት ነው። ከጧቱ 12 ሰዓት እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ትርፍ ሰዓት ከሠራ በ1.5 ይባዛል፤ 30 ብር። ከምሽቱ 4 እስከ ንጋቱ 12 ከሆነ በ1.75፣ በሳምንት ዕረፍቱ በ2፣ በሕዝብ በዓል በ2.5።

አንድ የልብስ ስፌት ፋብሪካ ገብቼ ሦስት ወር ፔሮል አገላብጬ ምንም ላገኝ አልቻልኩም። የትርፍ ሰዓቱ ተመዝግቧል፣ ማባዣው 1.5 ነው፣ ድምሩ ትክክል ነው። ቢሆንም 4,160 ብር የምታገኘዋ ልጅ ለአንድ ሰዓት የተከፈላት 26 ብር ነው። በካልኩሌተር ሦስት ጊዜ ደጋገምኩት። በመጨረሻ ሒሳብ ሠራተኛውን «የሰዓቱን በስንት ነው የምታካፍለው?» አልኩት። «በ240» አለ። ሠላሳ ቀን በስምንት ሰዓት። እሑዶቹን ሁሉ የሥራ ቀን አድርጎ ቆጥሯቸዋል። በሰዓት 4 ብር ናት የጎደለችው። አንዷ ልጅ በወር 30 ሰዓት ትርፍ ብትሠራ 120 ብር ይሆናል። በደመወዝ የሚመሳሰሉ 300 ሰዎች ነበሩ። ወረቀቱ ጥግ ላይ 36,000 ብር ብዬ ጽፌ በጣቴ ስገፋለት ልጁ ፊቱ ተለወጠ።

ሌብነት ነው ለማለት ቸኩዬ ነበር። ሲጣራ ኤክሴሉን የወረሰው ከእሱ በፊት ከነበረው ሰው ነው፤ ያኛውም ከሌላ ፋብሪካ ይዞት የመጣ። ቀመሩ የት እንደተጻፈ እንኳ አያውቅም ነበር፤ እዚያው ተቀምጠን ፈልገን አገኘነው። ከሃያ ዓመት በላይ ከሠራሁ በኋላ ያየሁት ጥፋት ግማሹ እንደዚህ የተወረሰ ነው ብል አላጋነንኩም። ግማሹ ደግሞ አይደለም። ሁለቱን መለየት ጊዜ ይፈልጋል፤ ለልጁ ማስተካከያ ቀን ሰጥቼው ሄድኩ፣ ለባለጳጉሜኑ ግን ሌላ ዓይነት ደብዳቤ ነው የጻፍኩለት።

ሦስቱ መዝገቦች፣ አቴንዳንስ፣ ፔሮልና የፈቃድ መዝገብ፣ ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠው ነው የሚኖሩት። ስለዚህ ይስማማሉ። እኔ የምፈልገው አራተኛውን ነው፤ ያንን ሰው የማያውቀውን። 2013 ላይ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሳይ ውዬ ሁሉም ልክ ሆኖ አገኘሁት። ሁሉም 11፡00 ይወጣል። በሩ ጋ ስደርስ ዘበኛው፣ ነጭ ጋቢ የደረቡ አዛውንት፣ «ልጄ፣ መውጫሽን ፈርሚ» ብለው ባለ 50 ሉክ ደብተር ሰጡኝ። ለመፈረም ገጹን ስገልጥ ከላይ «ሰርቪስ ቁ. 2 ወጣ 3፡40 ማታ» ይላል። ከሱ በፊት ባለው ቀን 3፡35። ከሱ በፊት 3፡50። ከ11፡00 እስከ 3፡40 አራት ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ነው፤ አዋጁ የሚፈቅደው በቀን እስከ አራት ሰዓት፣ በሳምንት ከአሥራ ሁለት ሳይበልጥ። ፔሮሉ ላይ ደግሞ አንድም የለ። አባባ በዚያ እንደ ጥሩ ጸሐፊ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ሁሉንም መዝግበውታል። ውሸት ጻፍ ብሎ የነገራቸው የለም፤ ማንም ትዝ አላሉትም።

ሠራተኛዋን ራሷን መጠየቅ ይቀላል የሚል ይኖራል። «የትርፍ ሰዓት ይከፈልሻል?» ብዬ የጠየቅኩበት ዘመን ነበረኝ። መልሱ «አዎ» ነው፤ ዓይኗ በሩ ላይ። አሁን «ማታ ቤት ስትደርሺ የሁለት ሰዓት ዜና አልቆ ነበር?» እላለሁ። «ኧረ ዜናውንማ ካየሁ ስንት ጊዜዬ!» ትላለች እየሳቀች። እጽፈዋለሁ።

ከዚህ በታች ያለውን ለመጻፍ ነው ይህን ሁሉ የዞርኩት።

2001 ላይ አንዲት ልጅ በምሳ ሰዓቷ ቢሮአችን መጣች። አግዳሚ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በሩ እስኪዘጋ ድረስ ስሟን አልተናገረችም። ጨርቅ ቆረጣ ክፍል ነው የምትሠራው። እሑድ እሑድ ይጠሯቸዋል፤ የሚከፈላቸው ግን እንደ ተራ ቀን ነው። አውራ ጣቷ ላይ የመቀሱ ጠባሳ እንደ ቀለበት ዞሯል። ስታወራ በሌላኛው እጇ ትሸፍነዋለች። ሁሉንም ጻፍኩ፣ አረጋጋኋት፣ በሦስተኛው ቀን ሄድኩ።

የሰው ሀብት ኃላፊው ሰላም ብሎኝ «ማን ከሶን ነው?» አለ። «ኧረ ማንም፣ እንዲያው ነው» አልኩ። ከዚያ ምን ባደርግ ጥሩ ነው? ገና ቁጭ ሳልል «የቆረጣ ክፍሉን የእሑድ አቴንዳንስ አምጡልኝ» አልኩት። ፋብሪካው ስድስት ክፍል አለው። ቆረጣ ውስጥ ያሉት አሥራ ሁለት ሰዎች ናቸው። ከአሥራ ሁለቱ በዚያ ሳምንት በምሳ ሰዓት ፈቃድ ጠይቃ የወጣች አንዲት ናት። ሰውየው ሊቅ መሆን አላስፈለገውም።

ጥፋቱን አግኝቻለሁ። ሪፖርቴ ጥሩ ሪፖርት ነበር፣ አለቃዬ አመስግኖኛል። ከሁለት ሳምንት በኋላ ልጅቷ እዚያው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የስንብት ደብዳቤው ተደጋጋሚ ማርፈድ ይላል። እኔን ልትወቅሰኝ የመጣች መስሎኝ እግሬ ተሳሰረ። ቀና ብላ አየችኝና «እትዬ፣ አሁን የትኛውን ፎርም ነው የምሞላው?» አለችኝ።

አዋጁ ተቆጣጣሪ የአቤቱታውን ምንጭ እንዳይገልጽ ይከለክላል። እዚያ ላይ አያቆምም፤ የመጣሁት በአቤቱታ ነው የሚል ፍንጭ ለአሠሪው መስጠትንም ይከለክላል። ይህን በቃሌ አውቀው ነበር። ፍንጭ ማለት ግን በአፍ የሚነገር ነገር ብቻ ይመስለኝ ነበር። ልጅቷ ከሰሰች፣ ሰባት ወር ፈጀባት፣ ካሳ ተፈረደላት። ወደ ሥራው መመለስ አልፈለገችም። (ይቺን በቅንፍ ልበል፦ ከሥራ የተሰናበታችሁ ሰዎች፣ ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል። ሽማግሌ ልካችሁ ስትጠብቁ አራተኛው ወር ላይ ወደ እኔ አትምጡ፤ ማዘን እንጂ ሌላ የምረዳችሁ ነገር የለኝም።)

ከዚያ ወዲህ ማንኛውም ቦታ ስገባ ሽንት ቤት ነው የማየው መጀመሪያ። በር ይዘጋል? ውሃ አለ? የሴትና የወንድ ተለይቷል? ከዚያ የመጠጥ ውሃ። ከዚያ የመጀመሪያ ዕርዳታ ሳጥን፤ ብዙ ጊዜ ውስጡ አንድ ባዶ የአልኮል ጠርሙስና የሰው ምሳ ዕቃ ይገኛል። የአደጋ ጊዜ መውጫው በሰንሰለት ታስሮ እንደሆነ። የእሳት ማጥፊያው ቀኑ አልፎበት እንደሆነ። ከዚያ የሁሉንም ክፍል የሦስት ወር ፔሮል እጠይቃለሁ፣ የአንዱን ክፍል ብቻ ብፈልግም። አንድ ሰው ማነጋገር ካለብኝ ሃያ አነጋግራለሁ፤ የባለቤቱን የአክስት ልጅ ሳይቀር። የአክስቱን ልጅ ከሌሎቹ ረዘም አድርጌ ነው የማቆያት። ባልደረቦቼ ቀን ታባክኛለሽ ይሉኛል። ሪፖርት የሚቆጠረው በቁጥር ስለሆነ እውነት አላቸው፤ እነሱ በሳምንት አምስት ድርጅት ሲጨርሱ እኔ ሁለት።

«ለትራንስፖርት» ስለሚባለው ፖስታ ሁሉም ይጠይቀኛል። አዎ፣ ይመጣል። ቡና ከቀረበ አልጠጣም፤ ወጥቼ ጀበና ቡና ያለበት እጠጣለሁ። ከዚህ በላይ የሚወራለት ነገር የለውም።

የሚከብደኝ ሌላ ጥያቄ ነው። ሁሉን አይቼ ጨርሼ፣ ሁሉም ልክ ሆኖ፣ ሰዓቱ ልክ፣ ፈቃዱ ልክ፣ ጓንቱ ልክ፣ አንዷ ልጅ ከማሽኗ ቀና ብላ «ደመወዙስ?» ትላለች። በግሉ ዘርፍ የደመወዝ ወለል ሳይኖር ነው ይህን ሁሉ ዓመት የሠራሁት። 1156 የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል፤ አንብቤላታለሁ። የቤት ኪራይዋንና የታክሲውን ደምራ ስትነግረኝ እሰማለሁ፤ ቼክሊስቴ ላይ ግን ለዚህ የሚሆን ሳጥን የለም። አንድ ጊዜ «ሌላ አስተያየት» በሚለው ሥር ጽፌው ነበር። «ከተልዕኮ ውጪ» ተብሎ በቀይ ተመለሰልኝ። ቤቷ ያለችውን የቤት ሠራተኛ ጉዳይ የምትጠይቀኝ ጎረቤቴም ያው ናት፤ የቤት ሠራተኛ በአዋጁ ውስጥ የለችም፣ እኔም በሯን የማንኳኳበት ሥልጣን የለኝም። ጎረቤቴ ይህን ስነግራት ደስ አላት። እኔ ደስ አላለኝም።

ባለፈው ወር አንዲት አዲስ ተቀጣሪ ይዤ ወጣሁ። ሕግ ተመርቃ የመጣች፣ አዋጁን ከእኔ በላይ በአንቀጽ ቁጥር የምትጠራ ልጅ ናት። የሄድነው በጥቆማ ነው፤ ነገሩ የወሊድ ፈቃድ ነው፣ ከወሊድ በኋላ ያለው 90 ቀን ተቀንሶባታል የተባለች ሴት። መኪና ውስጥ የ2001ዱን ታሪክ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። አውራ ጣቷን ሳይቀር። አንገቷን እየነቀነቀች ጻፈች።

በሩ ላይ የሰው ሀብት ኃላፊዋ እየሳቀች «ምነው በሰላም? ማን ከሶን ነው?» አለች።

ልጅቷ ዓይኗን ሳታሽ «የሩብ ዓመት ዕቅዳችን ላይ ናችሁ» አለቻት።

ኮራሁባት። ቢሮ ገባን፣ ወንበር ተሳበልን፣ ልጅቷ ደብተሯን ገለጠች፣ እስክሪብቶዋን ጠቅ አደረገችና «እሺ፣ ዘንድሮ የወለዱ ሠራተኞችን ማኅደር...» ስትል ሳል ያዘኝ። እንዲህ ያለ ሳል ከኮሮና ወዲህ አልሳልኩም። ኃላፊዋ ደንግጣ ውሃ ልታስመጣ ተነሣች።

«ውሃው ይቆይ» አልኩ። «ይልቅ ሽንት ቤታችሁን ብታሳዩን። ከዚያ ነው የምንጀምረው።»

«ሽንት ቤት?» ኃላፊዋ ጸሐፊዋን አየች፤ ጸሐፊዋ ኮሪደሩን አየች። «የሠራተኞቹን ከሆነ... ቁልፉ ሱፐርቫይዘሯ ጋ ነው።»

ልጅቷ ደብተሯ ላይ ያለውን ገጽ አጠፈችና አዲስ ገለጠች። «በቀን ስንት ጊዜ ነው የምትሰጣቸው?» አለች።